ሁለት ምንጭ ከአንድ ክፍል

ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሱሪያቸው ከመቀመጫው እስከ ጉልበታቸው የተተረተረባቸው አዛውንት ብዙ ምርጫ አልነበራቸውም፤ የያዙትን ጋዜጣ ከኋላቸው ጋርደው፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርገው፣ የቀረበው በር ውስጥ ዘው አሉ። የቀረበው በር የልብስ ሰፊዋ ነበር።

“የኔ ልጅ፣ ሰው ሳያየኝ አንድ መላ ፈልጊልኝ” አሏት፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው።

“እኔስ ሰው አይደለሁም እንዴ ጋሼ?” አለችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሁለት ሜትር ሰማያዊ የገበር ጨርቅ አቀበለቻቸው። “ከመጋረጃው ኋላ ገብተው ያውልቁትና ይኼን ያገልድሙ። ክሩ ብቻ ሳይሆን ጨርቁም ሄዷል፤ ከውስጥ ልደግፈው ነው። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።”

ቤቷ ጠባብ ናት፤ አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ። ግድግዳው ላይ ከአሮጌ ጋዜጣ የተቆረጡ የእጅጌ፣ የአንገትጌና የኪስ ልኮች በምስማር ተንጠልጥለዋል። ልብስ ሰፊዋ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የለቀመችው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው። ያልገባት ቃል ሲያጋጥማት መቀሱን ታስቀምጥና ቀጥሎ የሚገባውን ደንበኛ ወገቡን ከመለካቷ በፊት ቃሉን ትጠይቀዋለች። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው “ሊቋ” ይላታል፤ ሊያሾፍ ሲፈልግም፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ሲመጣም።

ያን ቀን ግን ሆዷ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሊፍት ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ሊፍቱ ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ተምዘግዝጎ ወርዶ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ተጎዱ። በማግሥቱ ጋዜጣው “የሊፍት ሠራተኛው በሥራ ገበታቸው ላይ አልነበሩም” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጥባቸዋል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ማስረጃ የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤና ያ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ከተባረሩ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ስም፣ ሌላ በር የሚከፍትላቸው የለም።

ከመጋረጃው ኋላ ስልክ ጮኸ።

“አዎ፣ ዋና አዘጋጁ ነኝ” አሉ አዛውንቱ። “ስለ ሊፍቱ? ያቺ ልጅ እንደገና ደብዳቤ ላከች? ስንተኛዋ ነው? ሦስተኛ! ይኸውልህ፣ ዜናው ሁለት ምንጭ አለው። ሁለት ምንጭ ላለው ዜና እርምት አናወጣም። አስቀምጠው።”

መርፌዋ ግማሽ ድረስ ጨርቁ ውስጥ ገብታ ቆመች። ሦስቱንም ደብዳቤ የጻፈችው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመጨረሻውን፣ ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው፣ አራት ጊዜ ገልብጣዋለች።

አዘጋጁ ከወገብ በላይ ኮትና ክራባት፣ ከወገብ በታች ሰማያዊ ገበር ሆነው ወጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

“ጋሼ፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ” አለቻቸው።

አዘጋጁ መጀመሪያ ያዩት ፊቷን አልነበረም፤ እጇ ላይ ያለውን ሱሪ ነበር።

“አይፍሩ፣ በሱሪ አልበቀልም። ሥራዬን ደንበኛው ማንም ይሁን ማን በደንብ ነው የምሠራው። እርስዎስ እንደዚያ ነዎት ወይ ነው የኔ ጥያቄ።”

“ምላስሽ ከመቀስሽ ይስላል፣ ልጄ። አባትሽ ናቸውና ብትቆጪ አልፈርድብሽም። እኔ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ምንጭ የሌለው ዜና አላሳተምኩም።”

“ሁለቱ እነማን ነበሩ?”

“ሥራ አስኪያጁና የሕንፃው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ። ለየብቻ ነው የደወልንላቸው፤ ሁለቱም አንድ ነገር ነው ያሉት።”

“እንዴት አይሉ? ሁለቱ የሚቀመጡት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት የክፍሉን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት የተገጣጠመ ነው። አንደኛው ከእናንተ ጋር አውርቶ ስልኩን ሲዘጋ ሌላው ሰምቶ ጨርሷል። ታዲያ ሁለተኛው ምን እንዲል ነው የደወላችሁለት?”

“አንድ ክፍል መቀመጥ ሰውን ውሸታም አያደርገውም።”

“አያደርገውም። አንዱን ወሬ ግን ሁለት ምንጭ አያደርገውም።”

ሰው የሚመካበት ልማዱ ሲነካበት ወይ ይቆጣል ወይ ያስባል፤ እኚህ ሰው ሊቆጡ ጀምረው ወደ ማሰቡ ዞሩ፤ ሱሪያቸው በልጅቷ እጅ ባይሆን ግን ተነሥተው በሄዱ ነበር።

“ስሚኝ” አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እኔም እንደ አንቺ ተራ ሰው ይናገር እል የነበርኩበት ጊዜ ነበር። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሦስት ጎረቤታሞች መጥተው አንድ ባለ ወፍጮ ዱቄት ውስጥ ኖራ ይቀላቅላል አሉኝ። ሦስት ሰዎች! አምኜ ጻፍኩ። በማግሥቱ ሕዝብ ወፍጮ ቤቱን ሰባበረው፤ ሰውዬው አንድ ዓይኑን አጣ። ኋላ ዱቄቱ ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም። ከዚያ ወዲህ ማዕረግ የሌለውን፣ ማኅተም የሌለውን ሰው ቃል አላሳትምም ብዬ ማልኩ።”

ልብስ ሰፊዋ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ይኼን ስትሰማ ግን ዋጠችው። አዘጋጁ ሰንፈው ሳይሆን ፈርተው መሆኑን አላሰበችም ነበር።

“ባለ ወፍጮው በሕይወት አሉ?”

“አለ። በአንድ ዓይኑ።”

ጥቂት ሰፋች፤ ክሩን ሳበች።

“እነዚያ ሦስቱ ግን ጋሼ፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገብተው አይተው ነበር?”

“የለም። ከሰው ሰምተው ነው።”

“እንግዲያው ያሳሳተዎት ተራ ሰው ማመንዎ አይደለም፤ ያላየ ሰው ማመንዎ ነው። ሥራ አስኪያጁም አላየም። ሊፍቱ በወረደ ጊዜ ሕንፃው ውስጥ አልነበረም፤ ለስብሰባ ወጥቶ ነበር። ያላየ ጎረቤትን ትተው ያላየ ባለሥልጣን ያዙ። ምን ለወጡ? ክራባቱን ነው።”

አዘጋጁ ሳያስቡት የራሳቸውን ክራባት ነካ አደረጉ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ከግድግዳው ላይ ልኮቹን አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። “የእርስዎ ጋዜጣ ነው። ይኼ እጅጌ ነው፤ የትምህርት ቤት ጣሪያ ማፍሰስ። የተናገሩት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤ ዝናቡ ሥር የሚቀመጥ ተማሪ የለም፣ አስተማሪ የለም። ይኼ አንገትጌ ነው፤ የአውቶቡስ ወረፋ። የተናገሩት የትራንስፖርት ቢሮው ሰው፤ እሳቸው ደግሞ በቢሮ መኪና ነው የሚሄዱት። ይኼ ኪስ የማዋለጃ ክፍል መጣበብ ነው። ሦስት ሰው ተናግሯል፣ ሦስቱም ወንዶች። የወለደች አንዲት እንኳ የለችም። ምናልባት ስቆርጥ መቀሱ ጥሏት ይሆናል ብዬ ትርፍራፊውን ሁሉ ፈለግሁ፤ እዚያም የለችም።”

አዘጋጁ ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ሳቁ ግን አፋቸው ላይ ደረቀ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው እጅጌና ኪስ ሆኖ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ በየቁራጩ ላይ የሚናገሩት ሰባት ስምንት ሰዎች ናቸው፣ ያው ሰባት ስምንቱ።

“ሰዓት የለንም እኮ” አሉ፣ እንደ መከራከር ሳይሆን እንደ ማስረዳት ብለው። “ጋዜጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ኃላፊ በመጀመሪያው ጥሪ ስልኩን ያነሣል። አባትሽ ስልክ አላቸው?”

“የላቸውም። በር ግን አላቸው። ከቢሮአችሁ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።”

“እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። በሥራ ገበታቸው ላይ ነበሩ?”

“አልነበሩም።”

አዘጋጁ ቀና አሉ። “አልነበሩም? ታዲያ ዜናው እውነት ነዋ!”

ልጅቷ የምታውቀው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ተናግራ ብትገላገለው ትወድ ነበር። ግን ይህን ሁሉ ስትሟገት የቆየችው ያላየ ሰው አይታመን ብላ ነው።

“የት እንደነበሩ እኔ አልነግርዎትም” አለች። “ልጃቸው ነኝ፤ ደግሞም አላየሁም፣ ሰምቼ ነው። እኔን ካመኑ ያንኑ የወፍጮ ቤቱን ስህተት ነው የሚደግሙት። ሊፍቱ ውስጥ ከነበሩት አንዷ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። የማሽኑ ክፍል ሰባተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ዘይት የሚያጠጣው ቴክኒሻን ከሰዓት በኋላ አይጠፋም። እነሱን ይጠይቁ። ከዚያ አባቴን። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቁ፤ እሱንም እንዳይተዉት፣ መልስ የመስጠት መብት አለው።”

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሱሪውን አቀበለቻቸው።

“አብረን እንሂዳ” አሏት ለብሰው ሲወጡ።

“እኔ ከመጣሁ ሴትየዋ ፊቴን እያየች ነው የምትመልስልዎት። ብቻዎን ይሂዱ።”

ኩራት የሚጠቅምበት ቀን ካለ ያን ቀን ነበር። እርግጥ ብቻዋን ስትቀር ሦስት ጊዜ ጣቷን ወጋች።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እቤት አባቷን እራት እንዲቀምሱ እየለመነች ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። አዘጋጁ ነበሩ፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፣ የኮታቸው እጅጌ በማሽን ግራሶ ተለቅልቋል።

“ጉዳዬ ካንቺ ጋር አይደለም” አሏትና አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። “ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከዘጠኝ ቀን በፊት መምጣት ነበረብኝ። ያን ቀን የት ነበሩ?”

አባቷ ቀስ ብለው ከግድግዳው ዞሩ። ከዚያም፣ ሊፍቱ ከአምስተኛው ፎቅ በታች ሲቆምባቸው የአደጋው ደወል አልሠራ እንዳለ፣ በላይ ባለው ክፍተት ሾልከው እንደወጡ፣ ሁለቱን ሴቶች ወለሉ ላይ ተቀመጡ ብለው በደረጃ ወደ ማሽኑ ክፍል እንደሮጡ ተናገሩ። “የእጅ ፍሬኑን ስይዘው ገመዱ ከዳ፤ መውረድ ጀመረ” አሉ። “ሦስተኛው ላይ ነው የቆመልኝ።” መዳፎቻቸውን ዘረጉ። ቆዳቸው ተልጦ ገና አልጠገገም።

አዘጋጁ እጆቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። “ሴትየዋም ይኼንኑ ነው ያለችኝ። ‘እሳቸው ባይወጡ ምድር ቤት ነበር የምንለቀመው’ አለች። ፍሬኑንም አየሁት፤ የእጅ ቆዳ ደርቆበታል።”

“ሥራ አስኪያጁስ?” አለች ልጅቷ፣ መታገሥ አቅቷት።

“ማን ነገረዎት ብዬ ጠየቅሁት፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አለኝ። ኃላፊውን ማን ነገረህ ብዬ ስጠይቀው ሥራ አስኪያጁ አለኝ።” ተነሡ። “ጋዜጣውን እስክመለስ ያዙልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት አዘግይቼው አላውቅም፤ ዛሬ ይዘግይ።”

በማግሥቱ እርምቱ ወጣ፤ የጠፋ መታወቂያ በሚታወጅበት በመጨረሻው ገጽ ጥግ ሳይሆን የመጀመሪያው ዜና በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። የሴትየዋ ቃል፣ የቴክኒሻኑ ቃል፣ የአባትየው ቃል፣ የሥራ አስኪያጁም መልስ ነበረበት። ከሥር “የጠየቅነው ያላዩትን ነበር” የሚል የአዘጋጁ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የኮሚቴው ክፍል በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ሰብሳቢዋ ጋዜጣውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ “አባቴ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?” ብላ ጠየቀች።

“ዝም አላልኩም” አሉ አባቷ። “የጠየቀኝ አልነበረም።”

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አባትየው በዚያው ቀን ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ሊፍቱ ግን አዲስ ገመድ እስኪገባለት ድረስ ታሸገ። አሮጌው ገመድ ሲወርድ ከክሮቹ ግማሹ ተበጥሶ ተገኘ። ሠራተኛው ጥፋተኛ ተብለው ቢባረሩ ኖሮ ማንም ገመዱን ለማየት ባልወጣ ነበር፤ ቀጣዩ ሰውም እዚያው ውስጥ ይገባ ነበር። የተሳሳተ ዜና የሚጎዳው የተወራበትን ሰው ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይህችን ያስታውስ።

አዘጋጁም በዝግጅት ክፍላቸው አዲስ ሥርዓት አወጡ፤ ዘጋቢ ሁሉ ከየምንጩ ስም አጠገብ ነገሩ ሲሆን ሰውዬው የነበረበትን ቦታ ይጽፋል፤ ያየ ይቅደም፣ የሰማ ይከተል፣ ማዕረግ በመጨረሻ ይጠየቅ። ዘጋቢዎቹ መጀመሪያ ጫማ ጨረስን ብለው አጉረመረሙ። ውሎ አድሮ ግን የሚያፈስ ክፍል ውስጥ የምታስተምር መምህር ስትናገር ጣሪያው ተሠራ፤ የወለዱ እናቶች ሲናገሩ የማዋለጃ ክፍሉ አልጋ ተጨመረለት። ኃላፊዎችም ቢሆኑ ከበታቻቸው ያለውን ነገር ከመበላሸቱ በፊት ማወቅ ጀመሩ፤ ለእነሱም ጥቅም ነው፣ ባይወዱትም።

ያልወደደው የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ነበር። “እንዴት ከእኔ በፊት የጽዳት ሠራተኛ ትጠይቃላችሁ?” ብሎ በስልክ ጮኸ።

“ሊፍቱ ውስጥ የነበረችው እሷ ስለሆነች” አሉት አዘጋጁ በትህትና። “እግዜር አያድርገውና እርስዎ ያሉበት ሊፍት የወረደ ቀን፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው እርስዎን ነው።”