የጋሽ ውሃልክ ማሰሪያ

የመጻሕፍት መደርደሪያ ላሠራ ወደ ጎረቤቴ ወደ አናጢው ሱቅ ጎራ ባልኩበት ቀን ነው ይህ ክርክር የገጠመኝ። ሰፈሩ አናጢውን «ጋሽ ውሃልክ» ይላቸዋል፤ ሰው ቤት ሲገቡ ገና ሳይቀመጡ ቁም ሣጥኑ ወደ የት እንዳዘነበለ ይናገራሉና። የወንበርን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ስብራት ያስራሉ። በእጃቸው የሚተማመኑ፣ ለጎረቤት የሚደርሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው እልኸኝነታቸው ብቻ ነው።

ያን ቀን ስስ ጣውላዎች ሲልጉ አገኘኋቸው። ምን ሊሠሩ እንደሆነ ብጠይቅ፣ ትናንት ባለቤታቸው ደረጃ ላይ ተንሸራተው የቀኝ እጃቸው አንጓ መጎዳቱን፣ ክሊኒክ ወስደዋቸው ራጅ ከተነሡ በኋላ ሳይታከሙ ይዘዋቸው መመለሳቸውን፣ እጁንም ራሳቸው ማሰራቸውን ነገሩኝ። አሁን የሚልጉት ማሰሪያውን የሚያጠነክሩበት ነበር። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የቤቱ ግማሽ ኑሮ የቆመው በዚያ ቀኝ እጅ ነው።

«ሳይታከሙ ለምን ወጣችሁ?» አልኳቸው።

«ፍራክቸር ነው አሉና» አሉ፣ ወደ ጓዳው መጋረጃ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስብራት ቢሆን ስብራት ይሉን ነበር። የዚያ የሰፈራችን ግንበኛ እግር ፍራክቸር ተብሎ ነው የተቆረጠው። እሷ እንዳትሰማ አደራዎን።»

በዚህ መሐል የእህታቸው ልጅ ከነነጭ ጋዋኑ ከሥራ ወጥቶ መጣ። ክሊኒኩ ውስጥ ራጅ የሚያነሣው እሱ ነው። አጎቱን እጅ ነስቶ፣ ጉዳቱ ዲስታል ሬዲየስ ላይ እንደሆነ፣ ሪዳክሽን እንደሚያስፈልገው አስረዳ። አስረዳ ማለቴ ለጨዋታ ነው፤ ለአናጢው ይቅርና እንግሊዝኛ አስተምሬ ለምኖረው ለእኔም አልገባኝም። የተማሩ ልጆቻችን ለምን እንዲህ እንደሚናገሩ አላውቅም፤ ያናድደኛል።

ጋሽ ውሃልክ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የዚህን ቃል ፍቺ እውነቱን ይንገሩኝ።»

የቃል ነገር ሲነሣ እኔም አላስችል ይለኛል። ቃሉን እንግሊዞች ከፈረንሳዮች እንደተቀበሉት፣ ፈረንሳዮቹም ከጥንቱ ላቲን እንደወረሱት ነገርኳቸው። በላቲን ዳቦ መቁረስም፣ ቅርንጫፍ መስበርም፣ አጥንት መሰበርም በአንድ ግስ ይነገር ነበር። ተማሪ ቤት የሚያስለቅሰን ክፍልፋይ እንኳ የእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

«እርስዎ የመስታወት ሣጥን ላይ በቀይ ቀለም የሚጽፉት ምንድን ነው?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ፍራጃይል።»

«የፍራክቸር የሥጋ ዘመድ ነው። ተሰባሪ ማለት ነው።»

መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ መቁረጥ የሚል የለበትም?»

«የለበትም። ስብራት ነው፣ ሌላ ምንም አልደበቀም።»

ፊታቸው በራ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም።

«እንግዲያው የእኔ ሥራ ነው» አሉና ጣውላቸውን አነሡ። «የወንበር እግር ሲሰበር በሞርሳ ጥብቅ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ይገጥማል። ይህም እንዲሁ ነው።»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ፍርሃታቸውን ባስለቅቃቸው ድፍረት ተተካበት። ወጣቱ ግን ነገሩ ገብቶት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተናገረ።

«አጎቴ፣ ሞርሳ ውስጥ ያለ እንጨት ያብጣል?»

«ደረቅ እንጨት ምን ያሳብጠዋል።»

«የእትዬ እጅ ደረቅ አይደለም። ደም ይመላለስበታል፣ ሲሰበር ያብጣል፣ ማሰሪያው ደግሞ አይሰፋም። ያኔ ደሙ መሄጃ ያጣል። ግንበኛውን እግሩን ያሳጣው ቃሉ አይደለም። ክሊኒክ ሲደርስ እግሩ ጠቁሮ ነበር፤ ማሰሪያው ጠብቆበት።»

ጋሽ ውሃልክ የያዙትን ጣውላ አስቀመጡ። ያን እግር ያሰሩት እሳቸው ነበሩ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ደፍሮ የነገራቸው ግን አልነበረም።

መጋረጃው ተገለጠና ባለቤታቸው ወጡ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ» አሉ በቀስታ። «እናንተ የቃሉን ዘር ስትቆጥሩ፣ እኔ ጣቶቼ ከጠዋት ጀምሮ አይሰሙኝም። እጁ የማን መሰላችሁ?»

ጣቶቹ ቀዝቅዘው ሰማያዊ መስለው ነበር። አናጢው ሰው ሳያዛቸው ቋጠሮውን ፈቱት። ወዲያው ተያይዘን ክሊኒክ ሄድን።

እዚያም ወጣቱ ከእትዬ ፊት ተቀምጦ፣ አጥንቱ አንጓው ላይ መሰበሩን፣ ሐኪሙ ወደ ቦታው መልሶ ጄሶ እንደሚያደርግበት፣ ጣቶቻቸው ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ሳይውሉ ሳያድሩ መምጣት እንዳለባቸው አንድ በአንድ ነገራቸው። አንድም የባዕድ ቃል አልገባበትም።

«መርፌ እይዛለሁ?» አሉት።

«በጊዜ መጥተዋል እትዬ። ይይዛሉ።»

ያኔ አለቀሱ። ጋሽ ውሃልክም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከባለቤቱ የደበቀም የለውም እላለሁ። ያልገባንን ቃል መጠየቅ አያሳፍርም፤ ጋሽ ውሃልክ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ እትዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ባልተሠቃዩ። የተማረም ሰው ዕውቀቱን በሚሰማው ሰው ቋንቋ ካልተናገረ፣ ዕውቀቱ ለማንም አይደርስም። ዛሬ እትዬ መርፌያቸውን ይዘዋል፣ የእኔን ካፖርት ኮሌታ የገለበጡልኝም እሳቸው ናቸው። ወጣቱም አስቀድሞ በሚገባ ቋንቋ ይናገርና የሐኪሙን ቃል ኋላ ያስከትላል።

መደርደሪያዬን ልወስድ በሄድኩበት ቀን አንድ ተሸካሚ ክንዱን ታቅፎ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። እንዲያስሩለት ለመናቸው። ጋሽ ውሃልክ ሥራቸውን አቁመው ኮታቸውን ለበሱ፣ ክሊኒክ ሊያደርሱትም በደህናው ክንዱ ያዙት። «ጋሼ» አለ ሰውየው፣ «ስንቱን ሲያስሩ አልነበር?»

«ነበር» አሉት። «ከእንግዲህ የምጠግነው የማያመውን ብቻ ነው።»