ዛሬ የሚጽፈው ኤርሚያስ ነው

ኧረ የትላንቱን ልንገራችሁ! ትላንት ሥራ ቦታ ሰው እንዴት እንደሚመራ የሚያሠለጥን ሰውዬ ሆሳዕና ከተማ ያለው ትምህርት ቤታችን መጥቶ በቡድን ከፋፈለን። እኛ ቡድን ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እንደተለመደው የክፍላችን ልጅ ኤርሚያስ ሰብሳቢ ሆነ፤ እኔ ደግሞ "የሴት ጽሑፍ ያምራል" ተብዬ ጸሐፊ። የተሰጠን ጥያቄ "ሠራተኛ ሲያረፍድ አለቃው ምን ያድርግ?" የሚል ነበር። "ያረፈደ ሠራተኛን አለቃው ለብቻው ጠርቶ ያናግረው" የሚለውን መልስ ያሰብኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ኤርሚያስ ወጥቶ አነበበው። አሠልጣኙ "ለምን ለብቻው? ሰው ፊት ቢቆጣውስ?" ሲለው ግን ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ተነሳሁ። "እኔ ልመልስ?"

"አንቺ ቁጭ በይ! በዚህ በሆመቾ የገጠር አማርኛሽ ልታስቂብን ነው?" አለኝ ኤርሚያስ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። "ሳቁ፣ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ" አልኳቸው። ጠበቅኳቸው። ሲደክማቸው በዚያው አማርኛዬ "ሰው ፊት ከተሰደበማ ነገ በሰዓቱ ይመጣል፤ ግን አይሠራም፤ አሁን እንደ እኔ ቆሞ ይንቀጠቀጣል" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ዛሬ ጠዋት ሥልጠናው ሊቀጥል ክፍል እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት እስክሪብቶውን ኤርሚያስ ፊት ማስቀመጥ ነው። "በል ጻፍ" አልኩት።