ጉብታውን ጥሎ የሄደው ስልክ

ሰውን እንዲሁ በዋዛ አደራ ማለት የተውኩት በጋሽ ይመር ምክንያት ነው። ከመካነ ሰላም ማዶ ባለች አንዲት መንደር መሬት ተንሸራቶ መንገዱንም የኔትወርክ አንቴናውንም ይዞ ሲወርድ፣ መልእክት ያለ ኔትወርክ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ከተማ የሚደርስበትን መስመር ልዘረጋ ሄድኩ። ስልክ ያላቸውን ሰዎች በየጉብታው አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው መልእክት የእትዬ ዘሀራ ነበር። ጂዳ ላለችው ልጃቸው "ቤቱ ሄደ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታልቅሽ" ብለው አስጻፉኝ። መካከለኛው ጉብታ ላይ ለተቀመጡት ለጎረቤታቸው ለጋሽ ይመር፣ "መልእክቷ በእርስዎ ስልክ ነው የምታልፈው፣ አደራ" አልኳቸው።

ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ተቋረጠ። ጉብታው ላይ ብወጣ ሰውየው የሉም። ወደ ማታ ግድም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ከች አሉ። "እርስዎ ከተነሱ እኮ መስመሩ ይበጠሳል" ብዬ ተቆጣሁ። "አብሽር ልጄ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው ባትሪ ጨረሰ፣ መልእክቷ ስልኬ ላይ ቀረች። አደራ ተቀብዬ ቁጭ ልበል? በእግሬ ከተማ አደረስኳት፤ መልሱንም ይዣለሁ" አሉና ስልኩን ለእትዬ ዘሀራ ሰጧቸው። የተቀዳው የልጅቷ ድምፅ በለቅሶ ታፍኖ ወጣ። እትዬ ዘሀራ "አታልቅሽ አላልኩሽም?" እያሉ ስልኩን ይቆጡታል፤ የራሳቸው እንባ ግን አላቆመም። ጋሽ ይመርን ይቅርታ ልጠይቅ ዞር ስል ቀደሙኝ።

"ዘሀራ መልስ ካላት ቶሎ ጻፍላት" አሉኝ፤ "ጫማዬን አላወለቅሁም።"