የገዥው ቤት ጣውላ

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከዶርዜ ከፍ ብሎ ባለ አንድ የደጋ መንደር፣ ሽማግሌው አቶ ኤርጫፎ ከድሮው የገዥ ቤት ወለል ጣውላ ነቅለው ሊሄዱ ሲሉ ዝናብ ያዛቸውና ታዛው ሥር ቆሙ። ወዲያው አፍንጫዋን በጨርቅ የሸፈነች ወጣት ከውስጥ ወጣች። አይዳ ትባላለች፤ ከአርባ ምንጭ የመጣች የጤና ባለሙያ ናት።

«አባባ፣ እባክዎ ጣውላውን ያስቀምጡት።»

የኤርጫፎ ደም ፈላ። «ሌባ ማለትሽ ነው? ልጄ፣ የዚህን ቤት ድንጋይ በጎረምሳነቴ ከወንዝ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ያለ ደመወዝ፣ በጅራፍ! አንድ ጣውላ ይበዛብኛል?»

«ኧረ አይበዛብዎትም። ግን ቤቱ ለዓመታት የዲዲቲ ማከማቻ ነበር። መርዙ እንጨቱ ውስጥ ሰርጓል። መንግሥት ለማጽጃ ገንዘብ እንዲመድብ እየጠየቅን ነው።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲታመም ያውቃሉ፤ ቤት ታሞ በመንግሥት ገንዘብ ሲታከም ግን ሰምተው አያውቁም።

«የወባ መድኃኒት ነው ስትሉን አልነበር? ዛሬ መርዝ ሆነ? ደግሞስ ንጹሕ ውሃ ለሌለን ሰዎች የገዥ ቤት ማጠብ ምን ይረባናል? ይፍረስና እንገላገል!»

«መድኃኒትነቱ ትንኝ ለመግደል ነው፤ ምግብ ውስጥ ሲገባ ሰውንም ይጎዳል። ቤቱ ቢፈርስ ደግሞ አቧራውን ዝናብ ጠርጎ ምንጫችሁ ውስጥ ይከተዋል። አባባ፣ የውሃው ጉዳይና የቤቱ ጉዳይ አንድ ነው። ለመሆኑ ከዚህ በፊት የወሰዱት ጣውላ አለ?»

ኤርጫፎ የያዙትን ጣውላ መሬት ላይ አስቀመጡ። ባለቤታቸው በለጥሽ ቆጮው የሚብላላበትን ጉድጓድ የከደነችው ከዚህ ቀደም በወሰዱት ጣውላ ነበር።

ሰው ጥርስና ቀንድ ያለውን ጠላት ይሸሻል፤ ሽታና መልክ የሌለውን ግን ቤቱ ያስገባል። በለጥሽም ነገሩን ሲነግሯት «ቆጮው ምን ሆነ? መልኩ ያው፣ ሽታው ያው!» ብላ ተሟገተች። በመጨረሻ አይዳና ባልደረቦቿ ጣውላውንም ቆጮውንም በላስቲክ ጠቅልለው ሲወስዱ አለቀሰች። ኤርጫፎ በማን እንደሚቆጡ ጠፋቸው። ገዥው ሞቷል፤ መርዙን ያከማቹት ተበትነዋል፤ ልጅቷ የነገረቻቸው እውነቱን ነው።

በወረዳው ስብሰባ ላይ ዘመድኩን የሚባል ነጋዴ «ቤቱ ይፍረስ፤ ገንዘቡ ለመንገድ ይዋል!» አለ።

ኤርጫፎ ተነሡ። «እኔም እንዳንተው ነበር የምለው። ግን ስማኝ። መርዙን እኔ አላመጣሁትም፣ አንተም አላመጣኸውም፤ በመንግሥት መኪና መጣ፣ በመንግሥት ቁልፍ ተዘጋበት። ታዲያ ማን ያውጣው? ባለጎጆው በእጁ ያጽዳው? የሁላችን የሆነ ጉዳት በሁላችን ገንዘብ ይወገድ እንጂ! ቤቱም ቢሆን ይቁም። ከፈረሰማ የተገረፍንበትን ለልጆቻችን በምን እናሳያለን?»

ድምፅ ሲሰጥ ዘመድኩንም «ቤቱ ይጽዳ» ካሉት ጋር እጁን አወጣ።

ገንዘቡ ተመደበ። የተመረዘው እንጨትና አፈር እየተጠቀለለ ተወሰደ፤ ወለሉ በሲሚንቶ ተሠራ። ዛሬ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በረንዳው ላይ ሸማኔዎች ጋቢ ይሸጡበታል፤ ምንጩም ያለ ሥጋት ይቀዳል። ሕዝብ በጋራ ያወጣው ገንዘብ ለሕዝብ ጤናና ለታሪክ ሲውል እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

ቤተ መጻሕፍቱ በተከፈተ ዕለት በለጥሽ «እንግዲህ ደስ አለህ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እኔ እንጃ» አሉ ኤርጫፎ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው ኖርኩ። አሁን ግን አንድ ሰውዬ የጫማውን ጭቃ ግድግዳው ላይ ሲጠርግ ሳየው፣ ‹ተው፣ ቤቴን!› ብዬ ጮኽኩበት።»