የሞተው ሰው ቤቱ ገብቷል ያሉት የአቶ ገሠሠ ይመር ዜና ሕይወት

አቶ ገሠሠ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር በላይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘኪያ ሁሴን በ1964 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አባታቸውንና ሁለት ታናናሾቻቸውን ከወሰደ በኋላ፣ በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር በሰፈራ ወደ ጋምቤላ፣ አቦቦ አካባቢ መጡ። በመጡ በሦስተኛው ወር ወይዘሮ ዘኪያ በወባ አረፉ። በዚያ ቀን ዐሥራ አንድ ሰው ሞቶ ስለነበር መገነዣ ጨርቁ ለስድስት ብቻ በቃ፤ ወይዘሮ ዘኪያ ሰባተኛ ስለነበሩ በእህል ጆንያ ተጠቅልለው ተቀበሩ። በቀጣዩ ክረምት ውኃ መቃብሮቹን ጠርጎ ወሰዳቸው፤ ልጃቸው በእናታቸው ራስጌ የሚያኖሩትን ድንጋይ ተሸክመው ቢሄዱ የሚያኖሩበት ቦታ አጥተው፣ ይዘውት ተመለሱ።

ጋምቤላ ከተማ ገብተው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም በአውሮፕላን ማረፊያው በጫኝና አውራጅነት ስምንት ዓመት ሠሩ። በ1990 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን ወይዘሮ ቤርሳቤ ዓለሙን አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። በ1993 ዓ.ም. ከጋሪ የወደቀ ሣጥን ቀኝ እግራቸውን ስለሰበረው፣ ከዚያ ወዲህ እግራቸውን እየጎተቱ ይራመዱ ነበር። እግራቸው ሊሰበር ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ፈረንጅ ሻንጣው ከልክ በላይ ሆኖበት አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ጥሎላቸው ሄደ። ካሴቶቹ ዐሥራ አራት ነበሩ፤ ዐሥራ ሦስቱን ሻጋታ በልቷቸው አንድ ብቻ ተረፈ። እርሱም ዕድሜው ከብዙዎቻችን የሚበልጥ የእንግሊዝ ፊልም ነበር፤ እንግሊዞች ግብፅ ሄደው በጨርቅ የተጠቀለለ የጥንት ሬሳ ከመቃብሩ ያወጣሉ፣ ወደ አገራቸው ይወስዱታል፣ ሬሳውም ተነሥቶ አንድ በአንድ ያንቃቸዋል።

አቶ ገሠሠ በዚህ ካሴት፣ በአንድ ቴሌቪዥንና በስምንት አግዳሚ ወንበር በ1994 ዓ.ም. ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ፊልሙን በአማርኛ ይተረጉሙ ነበር፤ የማያውቁትን እንግሊዝኛ ከራሳቸው ይሞሉት ነበር። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ማንም አስተያየቱን ሳይናገር ከበሩ አይወጣም። ክፉም ይሁን ደግ፣ ቁጥር ሰጥተው በደብተር ይጽፉታል።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሃያ ስድስት ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ። በፊተኛው ወንበር የነበሩት ዓሣ ሻጯ ወይዘሮ ኛጆክ ከቦታቸው አልነሡም። ባላቸውን ባሮ ወስዶባቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ አስከሬኑ ስላልተገኘ በየቀኑ በወንዙ ዳር ውኃ ውኃውን እያዩ ነበር ዓሣ የሚሸጡት።

«ገሠሠ፣ ያ ሰውዬ ቤቱ ገባ?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ገሠሠ ፊልሙን አስቀድመው ሦስት ጊዜ አይተውታል። በመጨረሻው እንግሊዞቹ ሬሳውን ድልድይ ላይ ከብበው በጥይት ይደበድቡታል፣ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፣ ውኃው ላይ አንድ ብጣሽ ጨርቅ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ይህን እያወቁ «ገባ፣ እማማ። አገሩ ተመልሶ መቃብሩ ገባ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋ» ብለው መለሱላቸው። ወይዘሮ ኛጆክም «እሰይ» ብለው ወጡ። በደብተሩ ላይ ቁጥር አንድ ሆኖ የተጻፈው አስተያየት ይህ «እሰይ» ነው።

በማግስቱ አቶ ገሠሠ በባለቤታቸው የልብስ መቀስ የካሴቱን መጨረሻ ቆረጡ፤ ወይዘሮ ቤርሳቤ ጫፉን ይዘውላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሌላው ፊልም ሁሉ በፍላሽ ሲመጣ፣ ለዚህ ለአንዱ ካሴት ሲሉ አሮጌውን ዴክ እየጠገኑ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አሳዩ፤ መጨረሻውንም በየጊዜው በአፋቸው ጨረሱት።

በእነዚህ ዓመታት የተጻፈው አስተያየት ሦስት ሺህ አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባው ለሬሳው አድልቷል። «ቀስቅሰውት ሲያበቁ መልሰው እነሱ ይጮኻሉ?» ያለ አለ። ጀልባ ቀዛፊው ኒካው «እሱ እግሩን እየጎተተ ነው የሚመጣው፤ ለምን አይሮጡም?» አለ። አንዲት ሴት «አራት ሺህ ዓመት ተቀብሮ ጨርቁ ነጭ ነው፤ የእኔ ነጠላ በሰኔ ይሻግታል» አለች። አራት መቶ ሁለቱ ፊልሙን ንቀውታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ «ከሬሳው ይልቅ ተርጓሚው ያስፈራል፣ አረማመዳቸው አንድ ነው» የሚሉ ናቸው። ሰባ ስድስቱ አስተያየት የለኝም ብለዋል፤ እርሱም ተጽፏል።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከመንገዱ ማዶ በስልክ ሚሞሪ ፊልም የሚጭነው ሁዘይፋ ሙሉውን ፊልም አግኝቶ በፍላሽ ይዞ መጣ። ስልሳ ሦስት ሰው ባለበት «ጥርት ያለው ይኸው፣ ዛሬ በዚህ እንየው» ሲል ሁሉም አጨበጨበ፤ አቶ ገሠሠም እንቢ የሚሉበት ምክንያት አጡ። እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻ ተረጎሙ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ተርጉሙልን እንጂ!» አለ ሁዘይፋ።

«መቃብሩስ? በሩስ?» አሉ ከኋላ። ጨርቁ ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ነጠላ ጫማውን ወረወረባቸው። አቶ ገሠሠ ግን እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው በሩ ላይ ተቀመጡ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ የሚወጣውን ሁሉ አስተያየት ጠየቁ። ስልሳ አንድ ሰው ሰጠ፤ አንዱንም ሳያስቀሩ በገዛ እጃቸው ጻፉት። «በሬሳ የዋሸ በእኛማ ምን ይቸግረዋል» የሚል አለ። «ለካ የወጣህበት መቃብር ጠፍቶህ ነው እዚህ የቀረኸው» የሚል አለ። በፊልሙ ከታነቁት እንግሊዞች ለአንዱ ያዘነ በዚያ ቀን ተገኘ፤ ለአቶ ገሠሠ ያዘነ ግን በደብተሩ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው «ሬሳው» ብሎ ጠራቸው። ከእነዚያ ስልሳ አንድ ሰዎች ሠላሳ አራቱ አሁን በዚህ ግቢ ቆመዋል። ሁዘይፋም ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነው።

በዚያ ቀን አስተያየት ያልሰጡት ሁለት ናቸው። አንዷ ወይዘሮ ቤርሳቤ ናቸው። ሌላዋ ወይዘሮ ኛጆክ ናቸው፤ ከፊተኛው ወንበር ተነሥተው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ፣ ከዚያ በኋላም በዚያ መንገድ አላለፉም።

ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። አቶ ገሠሠ በኩላሊት ሕመም ሦስት ዓመት ማቅቀው፣ በመጨረሻው ሳምንት ሰው ልከው ወይዘሮ ኛጆክን አስጠሩ። እርሳቸውም መጡ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ግን አልተቀመጡም። አቶ ገሠሠ ደብተሩን አስመጥተው «እማማ፣ የቀረኝ የእርስዎ ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ ኛጆክም እንዲህ አሉ፦ «አንተ ገባ ስትለኝ፣ የእኔም ገብቷል ብዬ ውኃውን ማየት ተውኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለባሮ ጀርባዬን ሰጥቼ ዓሣ ሸጥኩ። በዚያ መሃል መጥቶ፣ አልፎኝ ሄዶ ከሆነስ?»

አቶ ገሠሠ ይህን በቁጥር ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ጻፉ። ከሥሩ መልስ ሊጽፉ ጀምረው ነበር፤ «እማማ» ከሚለው አላለፈም። በአራተኛው ቀን፣ በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በ2016 ዓ.ም. አረፉ።

አቶ ገሠሠ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቤርሳቤን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ከአቦቦ የተመለሰውን ያንን ድንጋይ ትተው ሄደዋል። ድንጋዩ ዛሬ ቦታ አግኝቷል፤ በራስጌያቸው ይኖራል። መገነዣቸውንም ወይዘሮ ቤርሳቤ ያለ ስፌት፣ ከአንድ ወጥ ነጭ ጨርቅ ቆርጠው ሰጥተዋል። ወይዘሮ ኛጆክ ከመካከላችን የሉም፤ ከማለዳ ጀምሮ ባሮ ዳር፣ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ተቀምጠዋል። ሙታንን በቁጥር የሚያውቅ፣ በውኃ የተወሰደውንም የማይረሳ አምላክ፣ አቶ ገሠሠ ለማያውቁት ሬሳ የሰጡትን መጨረሻ እርሳቸውንም አይንፈጋቸው። ነፍሳቸው ቤቷ ትግባ። አሜን።