ለአንድ ተጓዥ ስንት ባጃጅ?

ከነፋስ መውጫ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ጠየቋት።

«ልጄ፣ ከባሕር ዳር ከተማ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ በምን ይኬዳል?»

«በባጃጅ ይኬዳል እማማ። ማን ሊበር ነው?»

«እኔ ነኛ! አዲስ አበባ፣ ለልጅ ልጄ ክርስትና።»

«እሰይ! ለእርስዎ አንድ ባጃጅ ይበቃል።»

«ሸኚዎቼስ?»

«ስንት ናቸው?»

እናትየዋ ወደ ኋላ ዞሩ። «እስቲ ድምፅ አሰሙ!»

«አለን!» አለ የኋላው ወንበር በሙሉ።

«እኛም አለን!» አሉ በሩ አጠገብ ያሉት።

ወጣቷ ሳቋ አመለጣት። «እንዲህ ከሆነማ ሦስት ባጃጅም አይበቃም!»

«ተበታትነን? አንድ ላይ ካልመረቅናት ምኑን ሸኘናት!» አሉ የእናትየዋ ወንድም ከኋላ።

«አባቴ፣ ሸኚ እኮ ከበሩ አያልፍም።»

«በሩ ላይ ቆመን እንመርቃታለን። ከዚያ አውሮፕላኑ እስኪነሳ እልል ነው!»

«እልልታችሁን ካልሰማሁማ አልሳፈርም» አሉ እናትየዋ። «ፈርቻለሁ አልኳችሁ እኮ!»

«ሾፌር» አለች ወጣቷ፣ «በዚሁ መኪና እስከ በሩ አድርሳቸው እንጂ!»

«አንቺ ሳትነግሪኝ! እኔም ሸኚ ሆኛለሁ።»

«አንቺስ ልጄ?» አሉ እናትየዋ። «መንገደኛ መሆኔን ሰምተሽ ሳትሸኚኝ ልትቀሪ ነው? ነውር አይደለም?»

«ኧረ እመጣለሁ! እልልታውን የማስጀምረው እኔ ነኝ!»

ሾፌሩ ደብረ ታቦር ላይ «ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጣራ፣ እዚያ መውረድ የነበረብኝ እኔ ድምፄን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።