አፈሩን አትንፋ

የታሪክ መምህር አይደለሁ? ሶዶ ገበያ አጠገብ፣ ወዳጄ ወርቅ ሠሪው ሱቅ ቁጭ ብዬ ስለ ወርቅ እቀደዳለሁ። የግብፅ ነገሥታት ከኑቢያ እንዴት እንዳስቆፈሩ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰው እርሻውን ጥሎ እንዴት እንደጎረፈ ነገርኩት። ወሬዬ የጆሃንስበርግ ወርቅ ላይ ሲደርስ ከገጠር፣ ከቢጠና የመጡ አንዲት እናት ገቡ። ከነጠላቸው ጫፍ ትንሽ የላስቲክ ቋጠሮ ፈትተው ሰጡት። ልጃቸው ጉጂ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ያጠራቀማት የወርቅ ብናኝ ናት፣ ከነአፈሯ። "ለሚስቱ ጉትቻ ሥራላት" አሉት። ወዳጄ ብናኙን ወረቀት ላይ ዘርግቶ አፈሩን እፍ ሊል ጎንበስ ሲል፣ እጁን አፈፍ አድርገው ያዙት።

"አትንፋ ልጄ!"

"አይዞዎት እናቴ፣ ወርቁ ይከብዳል፤ የሚበረው አፈሩ ብቻ ነው።"

"እኔ የምፈልገው አፈሩን ነው። ጉድጓዱ ተንዶበት እዚያው ቀረ፤ ሬሳው አልወጣም። ይችን እንኳን ወስጄ ከአባቱ ጎን ልቅበር።"

ወዳጄ ተነስቶ ቬንትሌተሩን አጠፋ። አፈሩን በብሩሽ ቀስ እያለ ለየና በወረቀት ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ጥቅሉን ተቀብለው ሳሙት። ጉትቻው መቼ እንደሚደርስ እንኳን ሳይጠይቁ ወጡ።

 በኋላ ወዳጄ፣ "ጆሃንስበርግ ላይ ነበርክ፤ ቀጥል እንጂ መምህር" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ የቀረች አፈር ካለች በትንፋሼ እንዳትበር ብዬ መልሼ ዘጋሁት።